37 ጊዜ የተደወለበት ቀን፦ ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ የጭንቀት ጉዳይ

መጀመሪያ የደረሰኝ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። ርዝመቱ 40 ሰከንድ። አብዛኛው የስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ ታክ ታክ ታክ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። በስህተት የተላከ መስሎኝ ልዘጋው ስል አንዲት ሴት ቶሎ ቶሎ ተናገረች። «ዶክተር፣ ልቤ ሊቆም ነው። የልብ አይደለም ብለውኛል። ታዲያ የምንድን ነው?» ከዚያ የስፌት መኪናው ቀጠለ።

ዶክተር አይደለሁም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ባህር ዳር ሆኜ በስልክና በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ባለታሪኳ ፈቅዳልኝ ነው። ረቂቁን በስልክ አነበብኩላት፤ ሁለት ቦታ ላይ አረመችኝ። ማንነቷን የሚያሳብቁ ነገሮችን ቀይሬአለሁ። የውሸት ስም ላውጣላት ስል ግን አልፈለገችም። «የሰው ስም ለምን እወስዳለሁ? ዝም ብለሽ ልብስ ሰፊዋ በይኝ» አለች። እንዳለችው አደርጋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ 31 ዓመቷ ነው። ደብረ ማርቆስ ተከራይተው ይኖራሉ። ሁለት ልጆች አሏት። ከቤቱ በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል የስፌት ቤት አድርጋታለች። ባሏ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከጎጃም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያራግፋል፣ ሲመለስ የተገኘውን ሸቀጥ ይዞ ይመጣል። ከተጋቡ 9 ዓመታቸው ነው።

የደወለችልኝ በኅዳር 2017 ነው፤ ጤፍ የሚወቃበት፣ ባሏ በሳምንት ሁለቴ የሚመላለስበት ወቅት። ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ በ2015 ክረምት ነው። ያኔ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ መንገድም ይዘጋ ነበር። ባሏ እንደወጣ አራት ቀን ድምፁ ጠፋ። አራት ቀን! በአምስተኛው ቀን አቧራ ለብሶ በሰላም ገባ። ምንም አልሆነም። እሷም እንደ ማንኛውም ሰው አልቅሳ፣ ስቃ፣ ቡና አፍልታ ተቀበለችው። የልቧ ድው ድው ማለት ግን አልቆመም። «እሱ ከመጣ በኋላ ነው የባሰብኝ» ነው ያለችኝ። ይህ ለብዙ ሰው ግራ ይሆናል። ሰውነት ግን ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፤ አደጋው ላይ ይቆማል፣ አደጋው ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ወዲህ ልቧ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ «አሁን ልሞት ነው» የሚል ነገር ይመጣባታል። ከሁሉም በላይ የሚነሳባት ደግሞ ባሏ አባይ በረሃ ሲገባ ነው።

አባይ በረሃን የማያውቅ ካለ፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ከደጀን በኋላ መንገዱ ወደ አባይ ወንዝ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ቁልቁለቱና ዳገቱ አንድ ላይ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኩርባ በኩርባ ነው። የጫነ አይሱዙ እዚያ ውስጥ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። ስልክም ይቆራረጣል። እሷ ያለችው 70 ኪሎ ሜትር ርቃ ነው፤ ግን የት እንደደረሰ በልቧ ትቆጥራለች። «አሁን ሉማሜን አለፈ። አሁን ደጀን ገባ። አሁን ወረደ።» ወረደ ስትል ትደውላለች። ካላነሳ እንደገና ትደውላለች።

በሁለተኛው ቀጠሯችን አንድ ነገር ጠየቅኳት። ባለፈው ማክሰኞ ስንት ጊዜ ደወልሽ? «ኧረ ሦስት አራት ጊዜ ቢሆን ነው» አለች። ስልክሽን ክፈችና ቁጠሪልኝ አልኳት። ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። አሥር ስትደርስ ድምፅዋ ደህና ነበር። ሃያ ላይ ቀነሰ። «ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት።» ዝም አለች። ከዚያ «እታለም፣ ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

ከ37ቱ የተነሱት 4 ናቸው።

ከእኔ በፊት

ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ብዙ ተመላልሳለች። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነስታለች። የደም ማነስ ተመርምራለች። የእንቅርት ሆርሞንም ታይቷል፤ ይህ መታየቱ ደስ ብሎኛል፤ ሆርሞኑ ሲበዛ ልብ ማስመታትና እጅ ማንቀጥቀጥ ልማዱ ስለሆነ ጭንቀት ከማለታችን በፊት መጣራት ያለበት ነው። ሁሉም ደህና ነው። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ውስጥ «ምንም የለብሽም፣ ሂጂ» ተባለች።

ከዚህች ቃል ጋር ጠብ አለኝ። «ምንም የለብሽም» የተባለ ሰው የሚሰማው «ትዋሻለሽ» የሚል ነው። ልቧ ጤነኛ ነው፤ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ግን ያለባት ነገር አለ፣ ስም አለው፣ ሕክምናም አለው። ይህን ለመንገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ያቺ ሁለት ደቂቃ ባለመገኘቷ ልብስ ሰፊዋ አንድ ዓመት ሙሉ «የማይታይ የልብ በሽታ አለብኝ» ብላ ኖረች።

ጠበልም ገብታለች፤ ሰባት ቀን። ስለዚህ ስትነግረኝ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለች ነበር፤ የምቆጣት መስሏታል። ጠበሉ እንዴት ነበር አልኳት። «በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።» ስልክሽስ? «እህቴ ጋ ነበር የተውኩት፤ እዚያ ስልክ አይያዝም።» ይህን በማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ጠበሉን ከስልኩ ለይቶ መመዘን የእኔ ሥራ አይደለም፤ እምነቷ እምነቷ ነው፣ ኃይል ይሰጣታል፣ እንድትተወውም አልነግራትም። ግን ሰባት ቀን ስልክ አልነካችም፣ ሰባት ቀንም ተኛች። ወደ ቤት በተመለሰች ማግሥት ስልኳን ተቀበለች፤ ያኑ ዕለት ማታ ልቧ መምታት ጀመረ።

ለምን በአካል አልታየሽም ብዬም ጠይቄአለሁ። በከተማው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። «በዚያ በር ስገባ አንድ ደንበኛዬ ካየችኝ በቃ አበደች ነው የምባለው፤ ጨርቅ የሚያመጣልኝ የለም» አለች። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ከአባይ በረሃ ማዶ። ስለዚህ ለእሷ ኢንተርኔቱ የነበረው ብቸኛ በር ነው።

ግድግዳው ጆሮ ስላለው

በኢንተርኔት ሕክምና ሰዎች የሚረሱት ነገር ክፍሉ ነው። በአካል ስትመጡ ክፍሉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በስልክ ሲሆን ክፍሉን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ክፍል የላትም። ከአንደኛው ግድግዳ ጀርባ አከራይዋ አሉ። በሩ ወደ መንገድ ክፍት ነው። ልጆች አሉ።

ቀጠሯችንን ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት አደረግነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ገበያውም ቀዝቀዝ ይላል። ጆሮ ማዳመጫ ታደርጋለች። ሬዲዮ ትከፍታለች። ሰው ከገባ የምትለው ቃልም ነበረን፦ «ጨርቁ ገና አልመጣም።» እሱን ስትል እኔ ዝም እላለሁ። በዘጠኙ ቀጠሮዎች አራት ጊዜ ተጠቅማበታለች። አንዴ አከራይዋ ስለ መብራት ሒሳብ ሊነጋገሩ ገብተው 6 ደቂቃ ሙሉ የቆጣሪ ጭቅጭቅ ሳዳምጥ ቆይቻለሁ።

ቪዲዮ ሞክረን ነበር። ፊቷ እየቆመ፣ አፏ ሳይንቀሳቀስ ድምፅዋ እየመጣ አስቸገረን። ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ወደ ተራ ስልክ ሄድን። በድምፅ ብቻ ስትሠራ ትልቁ ፈተና ዝምታ ነው። ቢሮ ውስጥ ሰው ዝም ሲል ታየዋለህ፤ እያለቀሰ ነው፣ እያሰበ ነው፣ ተቆጥቷል። በስልክ ግን መስመሩ ተቋርጦም ሊሆን ይችላል። «ሄሎ? ሄሎ?» ማለት ደግሞ የሚያለቅስን ሰው መሐል ገብቶ እንደማቋረጥ ነው። በመጨረሻ ለእሷ ግልጽ አደረግኩት። ዝም ስትይ «ኔትወርክ ነው ወይስ እንባ?» ብዬ እጠይቅሻለሁ፣ አንድ ቃል ብቻ መልሽልኝ። ከዚያ ወዲህ ከሌሎች ሰዎች ጋርም እጠቀምበታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሳላጣራ የማላልፋቸው ጥያቄዎች አሉ። መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል? ራስሽን መጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? ባልሽ እጁን ያነሳብሻል? ሰው ሊሰማ ስለሚችል «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ብላ እንድትመልስ ነው የምጠይቀው። ሦስቱም «አይ» ነበሩ። አንዱ «አዎ» ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብን፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማን ወይም ቤቱ ውስጥ የሚደበደብን ሰው በስልክ ብቻ መያዝ ልክ አይደለም፤ አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል። ድብደባ ባለበት ቤት ደግሞ ባልና ሚስትን አንድ ላይ አላናግርም። የእህቷን ስልክ ቁጥርም በእሷ ፈቃድ ያዝኩ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ፈጥና የምትደርስላት እህቷ ናት።

ከዚያ ጋድ 7 የሚባለውን የጭንቀት መለኪያ መጠይቅ አነበብኩላት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። ሰባት ጥያቄ ነው፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፣ ከፍተኛው 21 ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ከባድ ጭንቀት ተብሎ ይወሰዳል። የእሷ 16 ሆነ።

ውሻውና ጅቡ

የተጠቀምኩት ሕክምና አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሳይካትሪስት አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጀመሩት የሐሳብና የባህሪ ሕክምና የመጣ ነው። ለጭንቀት በስልክና በኢንተርኔት ሲሰጥም በአካል ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት እንደሚያመጣ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ከዓለም ጤና ድርጅት የአምስት ቀጠሮ መርሐ ግብር፣ ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ ከሚባለው፣ ደግሞ ችግርን ከፋፍሎ የማየቱን መንገድ ወስጃለሁ። ግን እነዚህ ስሞች ለልብስ ሰፊዋ ምንም አይነግሯትም። ያደገችው ከብቸና ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። እዚያ ቤት ውሻ ነበራችሁ አይደል አልኳት።

«እንዴ! ውሻ የሌለው ቤት አለ እንዴ?»

ውሻው ጅብ ሲመጣ ይጮሃል። ቅጠል ሲንኮሻኮሽስ? «እሱም ይጮሃል። አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ።» ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሚጮህ ውሻ የታመመ ነው? «ኧረ አይደለም፣ ፈሪ ነው። ጅብ ነክሶት የሚያውቅ ውሻ እንደዚያ ያደርጋል።»

ያኛው ክረምት ነው የነከሰሽ አልኳት። ልብሽ ውሻው ነው። ሥራውን ነው የሚሠራ። ደም ወደ እግርሽ ይልካል ሩጪ ብሎ፤ ትንፋሽሽን ያፈጥናል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ከደምሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትሽ የሚደነዝዘው፣ ራስሽ የሚዞረው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋጤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። አይገድልም።

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ውሻውን ገድዬ ልተኛ?» አለች። አይ፣ ጅብ እኮ አለ አልኳት።

ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የልብስ ሰፊዋ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ጊዜውም አስቸጋሪ ነው። «ምንም አይሆንም» ብያት አላውቅም፤ እኔ ምን አውቄ? «ምንም አይሆንም» ብዬ አንድ ነገር ቢሆን ከዚያ በኋላ ማንንም አታምንም። የሠራነው ፍርሃቱን ለማጥፋት አይደለም። 37ኛው ስልክ ጅቡን አያባርርም፤ ውሻውን ብቻ ነው የሚያስጮኸው።

በየሳምንቱ ያደረግነውን ሁሉ አልዘረዝርም። አንዱን ግን ላሳያችሁ። ልቧ ጤነኛ እንደሆነ በምርመራ ስለተረጋገጠ በአራተኛው ቀጠሮ ቆማ በቦታዋ እንድትሮጥ አደረግኳት፤ አንድ ደቂቃ። በስልኩ የእግሯ ዱብ ዱብ ይሰማኛል። «እታለም፣ ልቤ መጣ!» አለች። ይምጣ፣ ቁጭ በይና ጠብቂው። በ4 ቆጥረሽ ሳቢ፣ በ6 ቆጥረሽ አውጪ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ «ሄደ» አለች። ከዚያ ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅዋን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ልቧን ራሷ ጠርታ ራሷ ሸኘችው።

ቡናውንም አነሳን። የነቢያት ጾም ነበር። እስከ ቀን 9 ሰዓት ሳትበላ ትቆይና አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን በባዶ ሆዷ ትጠጣለች። ቡና ራሱ ልብ ያስመታል። ቡና አትጠጪ አላልኳትም፤ ጎረቤቶቿን አጥታ ምን ልታተርፍ? ቀምሳ እንድትጠጣና አንድ ሲኒ ላይ እንድታቆም ተስማማን። «እናቴ ብትሰማ በረካውን ጥላ ትነሳለች ብላ ትረግመኛለች» አለች፤ ግን አደረገችው።

ዋናው ሥራ ስልኩ ላይ ነበር። መደወል ሲያምራት ወዲያው አትደውልም፤ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ትቆያለች። ከዚያ 20። ከዚያ 40። ስትቆይ ፍርሃቷን ከ0 እስከ 10 ትጽፋለች። ደብተር ግዢ ስላት «ደብተርማ አለኝ» ብላ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን አወጣች። አንዱን ገጽ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። ከላይ በእርሳስ «ወገብ 78፣ ትከሻ 41፣ ርዝመት 120» ይላል። ከሥሩ በዚያው እርሳስ፦ «5፡10 ፍርሃት 9። 5፡20 ፍርሃት 9። 5፡30 ፍርሃት 6። 5፡40 ፍርሃት 4። አልደወልኩም።» «አልደወልኩም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

በአምስተኛው ሳምንት በአንድ ጉዞ የምትደውለው 5 ጊዜ ሆነ።

ባልየው ሲጠራጠር

እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ከአንድ ዓመት በላይ «ሥራ ላይ ነኝ፣ አትነዝንዢኝ» ሲል የኖረው ባል ስልኩ ሲቀንስ ሰጋ። ጎሐ ጽዮን ደርሶ ስልኩን ሲያይ ሚስኮል የለም። ምን ሆነች? ሌላ ሰው አገኘች እንዴ? አንድ ሐሙስ 8 ሰዓት ላይ ይደውላል፤ ስልኳ ተይዟል። በሚቀጥለው ሐሙስም 8 ሰዓት፣ ተይዟል።

ስለ እኔ አልነገረችውም ነበር። መጀመሪያ ላይ ንገሪው ስላት «የቤት ገመና አደባባይ አወጣሽ ይለኛል» ብላኝ ነበር። እኔም አልገፋሁም። አሁን ሳስበው ትንሽ መግፋት ነበረብኝ። ቤት ሲገባ ስልኳን ተቀብሎ ቁጥሬን አየ። «ይቺ ‹ጨርቅ ሐሙስ› ብለሽ የጻፍሻት ማናት?» ያን ሌሊት ተጣሉ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ አከራይዋ መጥተው አስታረቁ። በበነጋው ጠዋት ራሱ ደወለልኝ።

«እርስዎ ነዎት ጨርቅ ሐሙስ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ምኗን ነው የሚያክሙልኝ?»

ያለ እሷ ፈቃድ ምንም እንደማልነግረው፣ ሦስታችን ሆነን ግን ብንነጋገር ደስ እንደሚለኝ ነገርኩት። ዝም አለ። «ሽማግሌ ነገር ነው?» አለኝ። ሽማግሌ አይደለም፤ ማን አጠፋ አልልም፣ ካሳ አላስከፍልም፣ የምትነጋገሩት እናንተ ናችሁ አልኩት። «እንደዚያ ከሆነ ይሁን» አለ።

ስድስተኛው ቀጠሮ ሦስታችን ሦስት ከተማ ሆነን ነበር። እኔ ባህር ዳር። እሷ ደብረ ማርቆስ፣ ሬዲዮውን ከፍታ። እሱ እህል በረንዳ፣ መኪናው ጋቢና ውስጥ፤ ከኋላው ጆንያ የሚያወርዱ ወዛደሮች ይሰማሉ። በየተራ አናገርኳቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ሲጨርስ «እንዲህ ነው ያልከው? እንዲህ ነው ያልሽው?» ብሎ በራሱ ቃል ይመልሳል።

እሱ እንዲህ አለ፦ «ስልኩ ሲጮህ አላነሳም ብዬ እጀምራለሁ። አምስተኛው ላይ ልጆቹን አንድ ነገር አግኝቷቸው ይሆን እላለሁ። ረዳቴ ቢያነሳላት አታምንም፣ ስጠው ትላለች። አነሳዋለሁ። አንድ እጄ መሪ ላይ፣ አንድ እጄ ስልክ ላይ። ባለፈው የካቲት አንዱ ኩርባ ላይ ከፊት የመጣ አውቶቡስ ለትንሽ ነው የሳተኝ።»

መስመሩ ጸጥ አለ። ኔትወርክ ነው ወይስ እንባ አልኩ።

«እንባ ነው» አለች።

ይህን ከመስማቷ በፊት ለብቻዋ ላዘጋጃት ይገባ ነበር። ከእሱ ጋር ቀድሜ ለብቻው ብነጋገር ምን ሊል እንደሆነ አውቀው ነበር። አላደረግኩም። ዋጋውን እሷ ከፈለች፤ በሚቀጥለው ጉዞ 18 ጊዜ ደወለች። ደህንነቱን ለማረጋገጥ የያዘችው ስልክ ራሱ ሊገድለው እንደነበር ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቀጠሮ ሙሉ ያንን ጥፋተኝነት ስናወርድ ዋልን።

ግን ከዚያው ንግግር ውስጥ ሌላ ነገር ወጣ። ስለ አውቶቡሱ ለምን አልነገርካትም ስለው «ብነግራት ትሞታለች» አለኝ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔስ ስፈራ ለማን ልደውል?» አለ። ሚስቱ 9 ዓመት አብራው ኖራ ይህን ሰው ፈርቶ ያውቃል ብላ አስባ አታውቅም። እሱም ቢሆን «ወንድ ልጅ ሆድ ይፍጀው ነው» ብሎ ያደገ ነው። ስልኩን የሚዘጋባት ስለጠላት ይመስላት ነበር። ስልኩን የሚዘጋው እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ነው።

በሰባተኛው ቀጠሮ ስምምነት አደረጉ። ሐሳቡ የእነሱ ነው፣ እኔ ጻፍኩት ብቻ። ሦስት ስልክ፣ ሦስቱንም እሱ ይደውላል። ደጀን ላይ፦ «አሁን ልወርድ ነው።» ጎሐ ጽዮን ላይ፦ «ወጣሁ።» እህል በረንዳ ሲደርስ። በመሐል ስልኩ በጋቢናው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። «ልወርድ ነው» ካለ ሦስት ሰዓት ካለፈ እሷ ለረዳቱ አንዴ ትደውላለች፤ ረዳቱ ያለውን ታምናለች። ሲወርድ ከፈራም ደጀን ላይ ይነግራታል። ይህን የመጨረሻውን ያስገባችው እሷ ናት።

ከዚያስ

በዘጠነኛው ሳምንት ኔትወርክ ጠፋ። ሁለት ቀን። ያ የ2015ቱ ነገር ተመልሶ የመጣ መሰላት። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እኔም ልደውልላት አልቻልኩም። በስልክ የሚሠራ ባለሙያ ስልክ ሲጠፋ የለም፤ ይህ የሥራው ትልቁ ጉድለት ነው። ለእንዲህ ያለ ቀን ቀደም ብለን ወረቀት ላይ ያጻፍኳት ነገር ነበር። አንደኛው መስመር «የማውቀውን ልጻፍ፣ የማላውቀውን ልጻፍ» ይላል። «የማውቀው፦ ረቡዕ ወጣ። ጭነቱ ጤፍ ነው። ረዳቱ አብሮት አለ። የማላውቀው፦ ሌላው ሁሉ» ብላ ጻፈች። እህቷ መጥታ አደረች። ነፍስ አባቷ ጋ ሄደች። በማይሠራ ስልክ 11 ጊዜ ደወለች፤ ይህን ራሷ ነው የነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት። ሁለት ሱሪ ሰፋች። አርብ ማታ ገባ።

ቀጠሯችንን በጥር መጨረሻ ጨረስን፤ በ11 ሳምንት 9 ቀጠሮ። ጋድ 7 ከ16 ወደ 7 ወርዷል። በሚያዝያ ስደውልላት 6 ነበር። ያልተለወጠ ነገርም አለ። እሱ ውጭ ባደረ ቀን እንቅልፏ አሁንም የተቆራረጠ ነው። የባሏን እናት በተመለከተ ያለውን ቁስል ጭራሽ አልነካነውም፤ «እሱን ሌላ ጊዜ» ብላኛለች። ከአንድ ፋርማሲ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ትገዛው የነበረውን የማረጋጊያ ክኒን ግን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ አቁማለች። እንዲህ ያለ ክኒን ሱስ ያስይዛል፣ በአንዴ መጣልም አይገባም።

ረቂቁን ያነበብኩላት ሰሞን አንድ ነገር ነገረችኝ። የሠርግ ወቅት ነበርና ስፌት በዝቶባታል። ባሏ ከጎሐ ጽዮን ይደውላል፤ የስፌት መኪናው ሲጮህ አልሰማችም። እንደገና ይደውላል። ሦስተኛ። አራተኛ። አንስታ ስታየው አራት ሚስኮል። ደወለችለት።

«የት ጠፋሽ?» አለ፣ ተቆጥቶ። «ስንት ጊዜ ልደውል?»

«ቀሚስ እየሰፋሁ ነው፣ አልሰማሁም» አለችው። «ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«በል እሺ፣ ስትደርስ ደውል» ብላ ዘጋችና ወደ ቀሚሱ ተመለሰች።